ከወለድ የወጣ አሥራት፦ ለአንዲት የእህል ነጋዴ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ቀሲስ፣ ይባርኩኝ። በእህል ንግድ የምተዳደር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር አነስተኛ መጋዘን አለን። ጤፍ በመኸር ገዝተን እናስቀምጥና ክረምት ገብቶ ዋጋው ሲወደድ እንሸጣለን። ከዚህ ሌላ በሰፈራችን ላሉ ጉሊት ቸርቻሪ ሴቶች ገንዘብ አበድራለሁ። 10,000 ብር የወሰደች በየወሩ 1,000 ብር ወለድ ትከፍለኛለች፤ ዋናውን ሲመቻት ትመልሳለች። ባንክ ያለ ዋስትና አያበድራቸውም፤ የምሰጣቸውም እነሱ ለምነውኝ ነው። ከማገኘው ሁሉ አሥራቴን ሳላጓድል አወጣለሁ፣ ሰባቱን አጽዋማት እጾማለሁ፣ ለደብራችን ሕንፃም ረድቻለሁ። በቅርቡ አንድ ሰባኪ «የጥንት አባቶች ሀብታምን ሌባ ይሉት ነበር» ሲል ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ይሄ የደርግ ጊዜ ወሬ ነው፣ ሃይማኖት አይደለም» አለኝ። እውነት አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል? እኔስ በደለኛ ነኝ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እኅቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልትደብቂው የምትችዪውን የወለዱን መጠን ሳይቀር በግልጽ መጻፍሽ ልቤን ነክቶታል። ስለዚህ እኔም ሳልሸፋፍን እመልስልሻለሁ፤ አንዳንዱ ቃል ቢመርሽ ታገሺኝ።

አስቀድሜ የሰባኪውን ቃል ላስተካክል። የጠቀሰው ቅዱስ ባስልዮስን ይመስለኛል፤ በዛሬዋ ቱርክ የምትገኘውን የቀጰዶቅያዋን ቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ፣ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራውን። ባስልዮስ «ሀብታም ሁሉ ሌባ ነው» አላለም። ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የለበሰውን ሰው የሚገፍ ቀማኛ ከተባለ፣ የታረዘውን ማልበስ እየቻለ የማያለብሰውስ ሌላ ምን ስም ይገባዋል? የያዝከው እንጀራ የተራበው ሰው ነው፤ ሣጥንህ ውስጥ የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ነው፤ ቤትህ ተቀምጦ የሚበሰብሰው ጫማ በባዶ እግሩ የሚሄደው ነው። እንግዲህ ባስልዮስ የሰውየውን ገንዘብ ቆጥሮ አልፈረደበትም። የተቆለፈውን ሣጥንና ደጅ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ጎን ለጎን አድርጎ አሳየው እንጂ።

ለባለቤትሽም ይህን ንገሪልኝ። ይህ ቃል የተነገረው ደርግ ከመምጣቱ ከ1,600 ዓመት በፊት ነው። ልዩነቱም የዘመን ብቻ አይደለም። ደርግ የሰውን በአዋጅ ወረሰ፤ ባስልዮስ ግን አንድም ሰው በጉልበት ሳይነካ መጀመሪያ የራሱን ርስት ሸጠ። የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በቂሳርያ፣ በቁስጥንጥንያ፣ ከዚያም በአቴና የዘመኑን ጥበብ ሁሉ ጠንቅቆ ተምሯል። ብልጽግናን ከሩቅ ሆኖ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ የሀብታምን ልብ ከውስጥ ስለሚያውቀው ነው ቃሉ እስከ ዛሬ የሚወጋን።

አሁን ወደ መጋዘንሽ ልምጣ። ባስልዮስ ስለ ጎተራ የሰበከውን በደንብ የምንረዳው የሰበከበትን ጊዜ ስናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ368 እና በ369 አካባቢ በቀጰዶቅያ ጽኑ ድርቅና ረኀብ ሆነ። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነው፤ ጳጳስ የሆነው በ370 ነው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በቀብር መታሰቢያ ንግግሩ እንደተረከው፣ የባሕር ዳር ከተሞች የጎደላቸውን በመርከብ ያስመጣሉ፤ ቂሳርያ ግን ከባሕር የራቀች ስለሆነች የተረፋትን መላክም የጎደላትን ማስመጣትም አይቻላትም ነበር። ቀጥሎም ከረኀቡ ራሱ ይልቅ የከፋው እህል ያላቸው ሰዎች ጭካኔ መሆኑን ይናገራል፤ ጊዜውን እየጠበቁ በወገናቸው ችግር ይነግዱ ነበርና። እህሉ ከተማው ውስጥ አለ። ቁልፉ ያለው በጥቂት ሰዎች ወገብ ላይ ነው።

ባስልዮስ በዚህ ጊዜ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን አንሥቶ «ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ» ስላለው ባለጸጋ ሰበከ። በስብከቱ ውስጥ ሳነበው ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ስፍራ አለ። አንድ አባት ቤቱን ዞሮ ሲያይ የሚሸጥ ነገር ያጣል። በመጨረሻ ዓይኑ ልጆቹ ላይ ያርፋል። ከረኀብ ለማምለጥ አንዱን ወደ ገበያ ሊወስድ ነው። የቱን? የበኩር ልጁን? ብኩርናውን ያከብራል። ትንሹን? ሕፃንነቱ ያሳዝነዋል። ይሄኛው ወላጆቹን ቁርጥ ነው፣ ያኛው ለትምህርት ብሩህ ነው። ሁሉንም ልያዝ ቢል ሁሉም ሲያልቁ ሊያይ ነው። እያለቀሰ አንዱን ይዞ ይመጣል። ባለ ጎተራው ግን በዚያ እንባ ፊት ዋጋ ይከራከራል፤ ትንሽ ይቀንስልኝ እንደሆነ ብሎ። ባስልዮስ ይህን ሲናገር አድማጮቹ መካከል እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ተቀምጦ እንደነበር አልጠራጠርም።

ታዲያ እህል ማስቀመጥ ኃጢአት ነው? አይደለም። ዮሴፍም በግብፅ ሰባት ዓመት አከማችቷል። ባስልዮስ ራሱ ባለ እህሉን «እንደ ዮሴፍ ሁን፤ እንጀራ ያጣችሁ ሁሉ ወደ እኔ ኑ ብለህ አውጅ» ይለዋል። በመኸር ገዝቶ ለክረምት የሚያቆይ ነጋዴ ባይኖር ከተማው በሐምሌ ምን ይበላ ነበር? ለማጓጓዣው፣ ለመጋዘኑ፣ በነቀዝና በአይጥ ለሚጠፋው፣ ለድካምሽም ተመጣጣኝ ትርፍ ብትይዢ ከሳሽሽ አልሆንም። ነገሩ የሚበላሸው ልብሽ ዋጋው እንዲንር መጸለይ የጀመረ ዕለት ነው። ዝናብ ሲዘገይ ደስ ካለሽ፣ እህሉ እያለ «አልቋል» ካስባልሽ፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ተነጋግራችሁ ገበያውን ካደረቃችሁት፣ ያኔ መጽሐፈ ምሳሌ 11፥26 አንቺን ያገኝሻል፤ እህልን የሚያስቀር በሕዝብ ዘንድ ይረገማል፣ በረከት ግን በሚሸጠው ላይ ነው ይላልና። ባስልዮስም ይህንኑ ጠቅሶ ለወርቅ ብላችሁ ረኀብን አትጠብቁ ብሏል። በዚህ በኩል ከጻፍሽልኝ ነገር የሚያስደነግጥ አላየሁም። በክረምት ደጅሽ ቆማ ሁለት ኪሎ ለምትገዛ እናት ሚዛኑን ሞላ አድርጊላት፤ የቀረውን አንቺው ከልብሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ብድሩ ግን ሌላ ነው።

በዳዊት መዝሙር 14 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 15 በሆነው) «አቤቱ፥ በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?» የሚል ጥያቄ አለ። ከመልሶቹ አንዱ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር የሚል ነው። ባስልዮስ በዚህ መዝሙር ላይ አራጣ አበዳሪዎችን የተመለከተ ሙሉ ስብከት አለው። ከአንቺ ጥያቄ ጋር የሚገናኘውን ልንገርሽ።

በባስልዮስ ቋንቋ፣ በጽርእ (በግሪክኛ)፣ ወለድ «ቶኮስ» ይባላል። ቶኮስ ማለት ልጅ፣ የተወለደ ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ሳያስበው እዚያው ላይ ደርሷል፤ ወለድ አልነው። ባስልዮስ በዚህ ቃል ላይ ቆሞ ይጠይቃል፦ እህል ዘርተህ ጊዜውን ጠብቀህ ታጭዳለህ፤ እንስሳም ወራቱን ቆጥሮ ይወልዳል። ገንዘብህ ግን ዛሬ ተወልዶ ዛሬውኑ መውለድ ይጀምራል። ሕይወት ያለው ሁሉ መጠኑ ላይ ሲደርስ ማደጉን ያቆማል፤ የስግብግብ ሰው ገንዘብ ግን ማደጉን አያቆምም። ከዚህም የሚወለደው የተበዳሪው ኀዘን ነውና ስያሜው ተገቢ ነው ይላል።

አሁን ደብተርሽን አውጪና አንዷን ሴት ፈልጊ። በወር 1,000 ብር እየከፈለች አሥር ወር ቆይታለች እንበል። 10,000 ብርሽን ሙሉ በሙሉ መልሳልሻለች። ሆኖም ዛሬም የ10,000 ብር ባለዕዳ ናት። በዓመት ሲሰላ ከመቶ 120 ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በ17ኛው ቀኖናቸው ከመቶ አንድ በወር የሚቀበል ካህን ከክህነቱ ይሻር ብለዋል። ያ በጊዜው በሕግ የተለመደ ወለድ ነበር። አንቺ የምትቀበዪው የዚያን አሥር እጥፍ ነው። ቀኖናው የተጻፈው ለካህናት እንደሆነ አውቃለሁ። ባስልዮስ ግን በመዝሙር 14 ላይ ሲሰብክ በፊቱ የተቀመጠው ምእመን ነበር። እንዲህ ያለው ብድር በሀገራችን የወንጀል ሕግም እንደሚያስቀጣ ሳትሰሚ አትቀሪም።

«ለምነውኝ ነው» ብለሻል። አምንሻለሁ። ባስልዮስም ይህን ምክንያት ሰምቶታል። አበዳሪው በመጀመሪያ ገንዘብ የለኝም ብሎ ይምላል። ወለድ የሚለው ቃል ሲነሣ ግን ፊቱ ይፈታል፤ የአባት የእናት ወዳጅነት ያስታውሳል፤ «እስቲ አንድ ሰው አደራ ያስቀመጠብኝ አለ፣ ልይልህ» ይላል። ከዚያ ባስልዮስ ስለ ለማኙ የሚለው ይህ ነው፦ ረዳት ፈልጎ መጣ፣ ጠላት አገኘ። መድኃኒት ፈለገ፣ መርዝ ገጠመው። ለምኖ መውሰዱ የወሰደውን መርዝ መድኃኒት አያደርገውም። የሰጠሽውን ገንዘብ ይዛ ስትወጣ ያመሰገነችሽ ሴት ከሁለት ወር በኋላ ስታይሽ መንገድ ትቀይር እንደሆነ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ባስልዮስ ባለዕዳውን ሲሥለው በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል፣ ውሻ ሲጮህ ላብ ያጠምቀዋል።

የውሻው ነገር እኔን የሚያስታውሰኝ ሌላ ነው። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሰን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንዞር የምንፈራው ውሻን ነበር። ግን ዱላችንን ይዘን እንቀርባለን፤ ከውሻው ጀርባ ቁራሽ ይዛ የምትወጣ እናት እንዳለች እናውቃለንና። ባለዕዳዋ ሴት ግን ውሻው ሲጮህ ከውስጥ ሆና ነው የምትፈራው፤ በገዛ ቤቷ። ልዩነቱን ሳስበው ልቤ ይታመማል።

ወደ አሥራትሽ ልለፍ፤ እንቅልፍ የነሣሽ ይህ ይመስለኛልና። የባስልዮስ ታናሽ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም አራጣ አበዳሪዎችን የሚገሥጽ ድርሳን አለው። በዚያ ውስጥ ከወለዱ ምጽዋት የሚሰጠውን ሰው ይጠይቀዋል። ድሀው ከምን እንደምትሰጠው ቢያውቅ ምጽዋትህን እንደ ወንድሙ ሥጋ ቆጥሮ ይጸየፈው ነበር ይላል፤ የወንድሞቼን እንባ አታብላኝ፣ ያስለቀስካቸውን አትርፍ ይልህ ነበር፣ አራጣ አበዳሪ ባይበዛ ድሀም እንዲህ አይበዛም ነበር እያለ። እግዚአብሔር አሥራት የሚቀበለው ከበረከት ነው። ከወለዱ ዐሥር እጅ አንዱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣት የቀሩትን ዘጠኙን አያነጻቸውም። ይህን የምለው ሕንፃው ላይ ያዋልሽውን ለማቃለል አይደለም። ከጤፍሽ ትርፍ የወጣው አሥራት የተባረከ ነው፤ ሁለቱ ሒሳቦች እንዳይቀላቀሉብሽ ብዬ ነው።

ስለ ጾምሽም እንዲሁ። ባስልዮስ ሲጾሙ፣ ሲጸልዩ፣ ስለ ኃጢአታቸው ሲያለቅሱ፣ ገንዘብ የማያስወጣውን መንፈሳዊነት ሁሉ ሲያሳዩ ያያቸው፣ ለተቸገረ ግን አንዲት ሳንቲም የማይጥሉ ብዙ ሰዎች እንደሚያውቅ በግልጽ ተናግሯል። ባስልዮስ ጾምን የሚያቃልል አባት አይደለም፤ ስለ ጾም የሰበካቸው ስብከቶች ምስክር ናቸው። ጾሙ እጅሽን ሳይፈታ ሆድሽን ብቻ ካሰረ ግን ወዴት ያደርስሻል? ኢሳይያስ 58ን በጾም ቀን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

«እንግዲያው ማበደሩን ልተወው» ትዪኝ ይሆናል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ተግሣጽ ሲሰማ ቶሎ የሚሄደው ወደዚህ ነው፤ ደጁን ዘግቶ ከኃጢአት የዳነ ይመስለዋል። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ግን ይህንንም መንገድ ዘግቶታል። ስጡ ብዬ አዛለሁ፤ አበድሩ ብዬም እመክራለሁ፣ ማበደር ሁለተኛው የመስጠት ዓይነት ነውና፤ ነገር ግን ያለ ወለድ ይሁን ይላል። ለችግረኛ የማያበድርንና በወለድ የሚያበድርን እኩል ይወቅሳቸዋል። እውነትሽን ነው፣ ለጉሊት ሴቶች ባንክ በሩን አይከፍትም። አንቺ ብትዘጊባቸው ከአንቺ የባሰ ሰው ዘንድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ማበደርሽን አታቁሚ፤ መውለዱን አስቁሚው።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እቁብ ያለ ወለድ ስንት ሱቅ አስከፍቷል? አንቺ ዳኛ ሆነሽ፣ እነዚያው ሴቶች በሳምንት የሚችሉትን እየጣሉ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ በጣም የቸገራት እንድትወስድ ብትስማሙ፣ ዛሬ በየወሩ ለወለድ የምታወጣው 1,000 ብር የራሷ ካፒታል ይሆናል። ዋናውን ገንዘብሽን ማስመለስ መብትሽ ነው፤ ማንም አባት ዋናውን ተዪ ብሎ አላዘዘሽም። ፈጽሞ መክፈል ላቃታት ብትተዪላት ግን «ለድሀ ቸርነትን የሚያደርግ ለእግዚአብሔር ያበድራል» የሚለው የምሳሌ 19፥17 ቃል ስለ አንቺ ነው። ባስልዮስ እንዲህ ያለው ስጦታም ብድርም ነው ይላል፤ ከድሀው ስለማትቀበዪው ስጦታ፣ እግዚአብሔር ስለሚከፍልሽ ብድር።

ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ የሚያመጣውስ ወለድ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አባቶች በቁጣ የተናገሩት ከተቸገረ ሰው ማጣት ስለማትረፍ ነው። የብር ዋጋ በየዓመቱ በሚወርድበት ዘመን ባንክ ለተቀማጭ የሚሰጠውን ከዚህ ጋር እኩል አላደርገውም። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪበት።

እስካሁን የበላሽውስ ወለድ? ባስልዮስ ለኢቆንዮን ጳጳስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖናዊ መልእክት ወለድ ስለተቀበለና ክህነት ስለሚሻ ሰው ተጠይቆ ነበር። የዓመፃውን ትርፍ ለድሆች ቢያወጣና ወደፊት ከገንዘብ ፍቅር ደዌ ቢላቀቅ ለክህነት እንኳ ሊቀበሉት እንደሚቻል መለሰ። ከወለድ ተመልሶ መሠዊያ ፊት እስከ መቆም የሚያደርስ መንገድ ከተከፈተ፣ ላንቺማ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዘኬዎስንም ቤት አስቢ፤ ጌታችን ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ዘኬዎስ ተነሥቶ ሒሳብ መሥራት የጀመረው።

ባስልዮስ ራሱ በመስበክ ብቻ አላቆመም። በዚያ ረኀብ ጊዜ ጎተራዎቹን በቃሉ አስከፈተ፤ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችን ወንዶችን ሰብስቦ ድስት ጥዶ ሾርባ አበላቸው። ሽርጥ ታጥቆ ከአገልጋዮቹ ጋር እግራቸውን አጠበ። እኅቱ ቅድስት ማቅሪና በረኀቡ ወራት በየመንገዱ የወደቁ ሴት ልጆችን አንሥታ አሳደገች። በኋላም ባስልዮስ ከቂሳርያ ውጭ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ ሠራ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩበት፣ ለምጻሞችንም እዚያ እያቀፈ ይቀበላቸው ነበር። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ያንን ስፍራ ከከተማው ወጣ ብላችሁ እዩት፣ አዲስ ከተማ ነው ብሎታል። ይህ ሁሉ ከአንድ ቄስና በቃሉ ከተነኩ ባለ ጎተራዎች ነው የተጀመረው። ጥር 6 መታሰቢያው ሲደርስ ቅዳሴ ስትመጪ ይህን አስቢለት።

አንቺ ግን ጥር እስኪደርስ አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጡና ደብተሩን ግለጹ። በእያንዳንዷ ስም ፊት በሁለት ዓምድ ጻፉ፤ የወሰደችውን ባንዱ፣ እስካሁን የከፈለችውን ሁሉ በሌላው። የከፈለችው ከወሰደችው ጋር የተካከለች ወይም ያለፈች ዕዳዋ ተዘግቷል በሏት። ያለፈውን እንዴት እንደምትመልሱ፣ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በጥቂት በጥቂቱ፣ የንስሐ አባትሽ አቅማችሁንና የልጆቻችሁን ኑሮ አይቶ ይወስንላችኋል። ሴቲቱን ግን ቤትሽ ድረስ አታስጠሪያት፤ ስትጠሪያት ትደነግጣለች። አንቺው ወደ ጉሊቷ ሂጂና ንገሪያት።